ስሙ ሳይጠራ ሃያ ዓመት፦ ሊዮኒድ ካንቶሮቪችና የመጋዘን ሒሳቡ

የአንድ ተመራማሪ ትልቅነት በምን ይለካል? ዛሬ ዛሬ መልሱ ቁጥር ሆኗል። ስንት ጽሑፍ አሳተመ? ስንት ሰውስ በዋቢነት ጠቀሰው? በቃ! አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚመዘግብ የሳይንስ ማውጫ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ ይህ ቆጠራ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኤች-ኢንዴክስ የሚባለውን መለኪያ አመጣ። አንድ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት መለኪያው 10 ነው፤ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ካሉት ደግሞ 20። ለቅጥርም፣ ለማዕረግ ዕድገትም፣ ለምርምር ገንዘብም ይህ ቁጥር የሚታይበት ቦታ ብዙ ነው።

እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። በእኛ ሙያ ምንጭን መጥቀስ ገና ከጅምሩ የምንማረው ነገር ነው፤ ስለዚህ መጠቀስን አልንቀውም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህ ቁጥር የሚለካው ሰውየው የሠራውን ነው ወይስ ሌሎች አይተው ሊናገሩ የቻሉትን? ለዚህ ጥያቄ ከሊዮኒድ ካንቶሮቪች ሕይወት የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ዕቃ ከየትኛው መጋዘን ወደ የትኛው ደንበኛ ቢላክ ወጪው ያንሳል ለሚለው ጥያቄ የሒሳብ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። የጻፈው ግን ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንባቢ እንዳጣ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሥራ አራት ዓመቱ ተማሪ

ካንቶሮቪች ጥር 19 ቀን 1912 በሴንት ፒተርስበርግ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበሩ። አብዮቱና የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ቤተሰቡ ለአንድ ዓመት ያህል ወደ ቤላሩስ ሸሽቶ ነበር። በ1922 ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ ያሳደጉት እናቱ ናቸው።

ልጁ ግን ሌላ ዓይነት ልጅ ነበር። በ1926 ከተማዋ ሌኒንግራድ ተብላ ከተሰየመች ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ፣ በ14 ዓመቱ የሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እስቲ አስቡት፣ እኛ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ በምንፈተንበት ዕድሜ! በ18 ዓመቱ ተመረቀ። በ1934 በ22 ዓመቱ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1935 ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲከላከል ሳይጠየቅ የዶክትሬት ማዕረግ ተሰጠው፤ እስከዚያ ያሳተማቸው ሥራዎች በቂ ናቸው ተብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው ንጹሕ ሒሳብ ነው፤ ፈንክሽናል አናሊሲስ በሚባለው ዘርፍ ዛሬም በስሙ የሚጠሩ ነገሮች አሉ። በሒሳብ ሰዎች መካከል ስሙ የታወቀ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ የሚጠቀሰው ካንቶሮቪችና የማይጠቀሰው ካንቶሮቪች አንድ ሰው መሆናቸው በኋላ ይጠቅመናል።

ኮምፖንሳቶ ያመጣው ጥያቄ

ነገሩ የጀመረው በኮምፖንሳቶ ነው። በ1938 የሌኒንግራድ የኮምፖንሳቶ ድርጅት ላቦራቶሪ ወጣቱን ፕሮፌሰር ምክር ጠየቀው። ድርጅቱ 8 የግንድ መላጫ ማሽኖችና 5 ዓይነት ግንድ አለው። አንዱ ማሽን ለአንዱ ዓይነት እንጨት ፈጣን ነው፣ ለሌላው ቀርፋፋ። የተለያየው እንጨት በተፈለገው መጠን ተመጣጥኖ እንዲወጣ፣ ምርቱም ከፍተኛ እንዲሆን የትኛው ማሽን የትኛውን ግንድ ስንት ሰዓት ይላጥ? ጥያቄው ይኸው ነው።

ሲሰሙት የፎርማን ሥራ ይመስላል እንጂ የፕሮፌሰር አይመስልም። ካንቶሮቪች ግን በተለመደው ዘዴ አማራጮቹን አንድ በአንድ ማስላት በሰው አቅም እንደማይሞከር ተረዳ። ይበልጥ የገረመው ሌላ ነገር ነው። ብረት መቁረጥ፣ ማሳ ለእህል ዓይነት ማከፋፈል፣ ነዳጅ መደልደል፣ ጭነት ማጓጓዝ… ሁሉም መልኩን ቀይሮ የመጣ ያው ጥያቄ ነው። ያለህ ነገር ውሱን ነው፤ አማራጩ ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው የቱ ነው? ለዚህ አንድ የሚያደርግ ዘዴ ፈጠረና በ1939 በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት አሳተመው። ርዕሱ ምርትን የማደራጀትና የማቀድ የሒሳብ ዘዴዎች የሚል ነው፤ ገጹ ሰባ አይሞላም። ዛሬ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚባለው የዕውቀት ዘርፍ የመጀመሪያ መጽሐፍ ይህች ቀጭን ጽሑፍ ናት። ያን ጊዜ ዕድሜው 27 ነበር።

ቅርብ ሁሉ ርካሽ አይደለም

ሒሳብ የምትፈሩ ጓደኞቼ አትሽሹ፣ በመደመርና በማባዛት ብቻ የሚያልቅ ምሳሌ ላምጣ። ሁለት መጋዘን አለን እንበል፣ ሀ እና ለ። በእያንዳንዳቸው 10 መኪና ጭነት ዱቄት አለ። አንደኛና ሁለተኛ የምንላቸው ሁለት ሱቆችም እያንዳንዳቸው 10 መኪና ይፈልጋሉ። ከሀ ወደ አንደኛው ሱቅ የአንድ መኪና ኪራይ 200 ብር፣ ወደ ሁለተኛው 300 ብር ነው። ከለ ወደ አንደኛው 400፣ ወደ ሁለተኛው 900 ብር ነው።

ማንኛችንም ብንሆን ዓይናችን የሚያርፈው 200 ብሯ ላይ ነው። ሀ ለአንደኛው ሱቅ ይላክ እንላለን። እንግዲያው ለ ወደ ሁለተኛው ሊሄድ ግድ ነው፤ ድምሩ 2,000 እና 9,000፣ ማለትም 11,000 ብር ይሆናል። አሁን ተቃራኒውን እንሞክር። ሀ ወደ ሁለተኛው፣ ለ ወደ አንደኛው። ድምሩ 3,000 እና 4,000፣ በጠቅላላው 7,000 ብር! ርካሿን መንገድ ትተን 4,000 ብር አተረፍን። በሁለት መጋዘን ይህን በወረቀት ማየት ይቻላል። መጋዘኑ ሃምሳ፣ ሱቁ አምስት መቶ ሲሆን ግን ዓይንም ልምድም አያዋጣም፤ ዘዴ ያስፈልጋል።

የካንቶሮቪች ዘዴ ደግሞ የላኪውንና የተቀባዩን ዝርዝር ብቻ ሰጥቶ አያቆምም። ለእያንዳንዱ ውሱን ነገር አንድ ቁጥር ይሰጣል። በምሳሌያችን የአንድ መኪና ጭነት ቦታ ከለ ወደ ሀ ማዛወር ብንችል፣ ያቺ ጭነት ወደ አንደኛው ሱቅ በ400 ፈንታ በ200 ትሄዳለች፤ ጠቅላላ ወጪውም ከ7,000 ወደ 6,800 ይወርዳል። ስለዚህ በሀ መጋዘን ውስጥ ያለች የአንድ መኪና ቦታ ከለ ቦታ ይልቅ 200 ብር ዋጋ አላት ማለት ነው። ይህን ዋጋ ማንም በገበያ አልጠራውም፤ ከዕቅዱ ከራሱ የወጣ ነው። በኋላ ምዕራባውያኑ የጥላ ዋጋ አሉት። መጋዘን ላስፋ ወይስ መኪና ልግዛ ብሎ ለሚያመነታ ሥራ አስኪያጅ ይህ ቁጥር መልስ ነው።

ለካንቶሮቪች ግን መዘዝ ሆነበት።

ጦርነትና ዝምታ

በስታሊን ዘመን ዋጋ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። በማርክስ ትምህርት የዋጋ ምንጭ የሰው ጉልበት ነው። ታዲያ አንድ የሒሳብ መምህር ተነስቶ ለማሽን ሰዓት፣ ለመሬት፣ ለመጋዘን ቦታ ዋጋ አለው ሲል ምን ይባላል? የቡርዥዋ ሐሳብ ይባላል። በዚያን ጊዜ እንዲህ መባል ደግሞ ከሥራ መባረርን ብቻ የሚያስከትል አልነበረም።

በ1941 ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ወረረች፤ ሌኒንግራድ ተከበበች። ካንቶሮቪች የወታደራዊ ምህንድስና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ነበር። የተከበበችው ከተማ በክረምት ምግብ የምታገኘው በበረዶ በተጋገረው በላዶጋ ሐይቅ ላይ በሚነዱ ካሚዮኖች ነበር፤ የሕይወት መንገድ ይሉታል። በረዶው እንዳይሰበር በመኪኖቹ መካከል ስንት ርቀት መኖር እንዳለበት ካሰሉት ሰዎች አንዱ እሱ እንደነበር ይተረካል። በወረቀት ላይ የነበረው የማጓጓዝ ጥያቄ እዚህ ላይ የዳቦ ጥያቄ ሆነ።

በ1942 ትምህርት ቤቱ ወደ ያሮስላቭል ከተማ ሲዛወር ሁለት ነገር ጻፈ። አንደኛው በሳይንስ አካዳሚው መጽሔት የወጣ የሦስት ገጽ ጽሑፍ ነው፤ አንድን ክምር ከነበረበት ወደሚፈለግበት በአነስተኛ ወጪ ስለማዛወር ያትታል። ሁለተኛው የአገር ኢኮኖሚ በሙሉ በዚህ ዘዴ እንዴት ሊታቀድ እንደሚችል የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ጎስፕላን ለሚባለው የመንግሥት ፕላን ኮሚሽን አቀረበ። አልተቀበሉትም። ነገሩን ቢገፋበት ለራሱም እንደማይበጀው ገባው፤ ረቂቁን አስቀምጦ ወደ ንጹሕ ሒሳቡ ተመለሰ። መጽሐፉ የታተመው ከ17 ዓመት በኋላ በ1959 ነው።

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ ካንቶሮቪች ነገር የሚመጣው። በ1949 በሒሳብ ሥራው የስታሊን ሽልማት ተሸለመ። በአንድ እጁ የመንግሥቱን ከፍተኛ ሽልማት ይዟል፣ በሌላ እጁ አደባባይ የማይወጣ ረቂቅ። ያን ዓመት አንድ ሰው ተነስቶ የተጠቀሰበትን ቢቆጥር በሒሳብ ትልቅ ሰው፣ በኢኮኖሚክስ ግን የሌለ ሰው ሆኖ ያገኘው ነበር። አእምሮው አንድ፣ ዘዴው አንድ፣ ቁጥሩ ሁለት!

ዝም ብሎ ግን አልተቀመጠም። በነዚያው ዓመታት በሌኒንግራድ የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ የብረት ላሜራ አቆራረጥ በዘዴው እንዲሻሻል አደረገ፤ በ1951 ከቪክቶር ዛልጋለር ጋር ስለ አቆራረጥ መጽሐፍ አሳተመ። ስለዚህ ፋብሪካ የሚተረክ ነገር አለ። ፋብሪካው ቁርጥራጭ ብረት ለማቅለጫ የማስረከብ ኮታ ነበረበት። ብክነቱ ሲቀንስ ቁርጥራጩም ቀነሰ፣ ኮታው ጎደለ፤ ፋብሪካውም ለምን አላስረከብክም ተብሎ ተወቀሰ። አይ የሰው ሥራ! ቆጥበሃል ተብሎ መወቀስም አለ። ለእኔ ይህ ታሪክ ስለ ሁሉም ቆጠራ የሚናገር ይመስለኛል። የሚቆጠረው ነገር ከሚፈለገው ነገር ሲለያይ ደህና የሠራው ሰው ባለ ዕዳ ሆኖ ይገኛል።

ባሕር ማዶ

በዚህ መሐል ሌሎችም ወደዚያው ውኃ እየወረዱ ነበር። በ1941 አሜሪካዊው ፍራንክ ሂችኮክ ሸቀጥ ከብዙ ምንጭ ወደ ብዙ ቦታ ስለማከፋፈል ጽሑፍ አሳተመ። በኔዘርላንድስ የተወለደው ቻሊንግ ኩፕማንስ በጦርነቱ ጊዜ በዋሽንግተን የንግድ መርከቦችን ጉዞ በሚያቀናጅ መሥሪያ ቤት ሲሠራ፣ ባዶ መርከብ ወዴት ይመለስ የሚለውን ጥያቄ በራሱ መንገድ ፈታ። በ1947 ደግሞ ጆርጅ ዳንትዚግ ለአሜሪካ አየር ኃይል ሲሠራ ሲምፕሌክስ የተባለውን ዘዴ አገኘ፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ዓለምን ያዳረሰው ይህ ነው። አንዳቸውም ካንቶሮቪችን አልጠቀሱም። እንዴት ይጥቀሱት? ጽሑፉ በሩስያኛ ነው፣ በጥቂቱ የተሠራጨ ነው፣ በመካከል ጦርነት ከዚያም ቀዝቃዛው ጦርነት አለ። ያልጠቀሱት ያላዩትን ነው፤ በዚህ ማንም አይወቀስም።

የሚወቀስም የሚመሰገንም ካለ ካዩ በኋላ ነው። በ1956 ኩፕማንስ ያቺን የ1942 የሦስት ገጽ ጽሑፍ አገኛት። ሲያነባት የራሱ ጥያቄ ናት፤ ያውም እሱ ሥራውን ከማሳተሙ በፊት የወጣች። እስቲ ራሳችንን በእሱ ቦታ እናስቀምጥ። በዚህ ዘርፍ ስሙ የተተከለ ሰው ነው። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ጽሑፏን ምዕራብ ውስጥ ያነበበ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። እሱ ግን ብዕሩን አንስቶ ለካንቶሮቪች ደብዳቤ ጻፈ፣ የ1939ኟን መጽሐፍም አፈላልጎ አገኘ። የ1942 ጽሑፍ በ1958፣ የ1939 ደግሞ በ1960 ማኔጅመንት ሳይንስ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት በእንግሊዝኛ ወጡ። ለሁለተኛው መግቢያ የጻፈው ኩፕማንስ ራሱ ነው።

ሁሉም ሰው አላጨበጨበም። በ1962 አብርሃም ቻርንስና ዊልያም ኩፐር በዚያው መጽሔት፣ ለካንቶሮቪች የተሰጠው ቅድሚያ ከልክ አልፏል የሚል ክርክር አቀረቡ። ይህም ተገቢ ነው እላለሁ። የሚከራከሩበት ሰው ቢያንስ የሚታይ ሰው ነው፤ ካንቶሮቪች ለሃያ ዓመት ያጣው ይህንኑ ነበር።

በአገሩም ነገሩ ተለወጠ። ስታሊን በ1953 ከሞተ በኋላ በሩ ቀስ እያለ ተከፈተ። የ1942ቱ ረቂቅ በ1959 መጽሐፍ ሆነ። በ1960 ካንቶሮቪች ወደ ሳይቤሪያ፣ አዲስ ወደተቆረቆረችው የኖቮሲቢርስክ የሳይንስ ከተማ ሄዶ ሒሳብንና ኢኮኖሚክስን ያጣመሩ ወጣቶችን ማስተማር ጀመረ። በታክሲ ታሪፍ ማሻሻያ ላይ ሳይቀር ሠርቷል። በ1964 የሳይንስ አካዳሚው ሙሉ አባል ሆነ፤ በ1965 ከቫሲሊ ኔምቺኖቭና ከቪክቶር ኖቮዢሎቭ ጋር የሌኒን ሽልማትን አገኘ። በ1975 ደግሞ የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት መጣ። በዚህ ሽልማት ታሪክ ብቸኛው የሶቪየት ዜጋ እሱ ነው።

ሽልማቱን የተካፈለው ከማን ጋር ይመስላችኋል? ከኩፕማንስ ጋር! የ19 ዓመቱ ደብዳቤ ሁለቱን ስቶክሆልም ላይ አገናኛቸው። ዳንትዚግ ግን ቀረ። ኩፕማንስ በዚህ እጅግ አዘነ፤ ከድርሻው ከፊሉንም ኦስትሪያ ውስጥ ላለ ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ሰጠ። ሰውየው ያልተጠራ ስም ሲያይ አያስችለውም ነበር ማለት ነው።

ከሞት በኋላ

ካንቶሮቪች ሚያዝያ 7 ቀን 1986 በሞስኮ ሞተ፤ በኖቮዴቪቺ መካነ መቃብር ተቀበረ። ያሳተማቸው ሥራዎች ከ300 ይበልጣሉ። ባለቤቱ ናታልያ ሐኪም ነበሩ፤ ሁለቱ ልጆቹም የአባታቸውን መንገድ ተከትለው ወደ ሒሳባዊ ኢኮኖሚክስ ገቡ።

ሥራው ግን አልተቀበረም። ዛሬ የመጋዘንና የማከፋፈያ ሥራ በኮምፒውተር በሚታቀድበት ቦታ ሁሉ፣ ዕቃው ከየትኛው መደርደሪያ ይነሳ፣ የትኛው መኪና ይጫን የሚለው የሚሰላው እሱ ከጀመረው ቤተሰብ በወጡ ዘዴዎች ነው። ክምርን ስለማዛወር የጻፋት የሦስት ገጽ ጽሑፍ ደግሞ ራሷን ችላ ኦፕቲማል ትራንስፖርት የሚባል የሒሳብ ዘርፍ ሆናለች። ሴድሪክ ቪላኒ በ2010፣ አሌሲዮ ፊጋሊ በ2018 የሒሳብ ትልቁን ሽልማት የፊልድስ ሜዳሊያን አግኝተዋል፤ ሁለቱም በዚህ ዘርፍ የሠሩ ናቸው። ዛሬ ኮምፒውተር ምስል እንዲፈጥር በሚያሠለጥኑት ዘንድም የካንቶሮቪች የርቀት መለኪያ በሰፊው ይሠራበታል። ታዲያ በምን ስም ይጠሩታል? የዋሰርሽታይን ርቀት! ቫሰርሽታይን ጽሑፉን ያወጣው በ1969 ነው፤ ካንቶሮቪች ከ27 ዓመት በፊት። በየጊዜው በዚህ ስም የሚጠቅሱት ብዙዎች ባለ ቤቱን ሳያነሱት ያልፋሉ።

ካንቶሮቪች ራሱስ ለቀደሙት ምን አደረገ? ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንጅ በ1781 አፈር ከተቆፈረበት ወደሚሞላበት ቦታ በአነስተኛ ድካም ስለማጓጓዝ ጽፎ ነበር። ካንቶሮቪች የ1942ቱን ሲጽፍ ይህን አላነሳም። ዝምድናውን ሲረዳ ግን በ1948 አጭር ማስታወሻ አሳትሞ የእሱ ጥያቄ ከሞንጅ ጥያቄ ጋር እንደሚገናኝ ገለጸ። በ167 ዓመት ለሚቀድመው ሰው! ዛሬ ዘርፉ የሁለቱን ስም አጣምሮ የሞንጅና የካንቶሮቪች ጥያቄ እያለ ይጠራዋል።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ ልመለስ። በ1955 የካንቶሮቪችን የኢኮኖሚክስ ሥራ በጥቅስ ብዛት የለካ ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ የሚያገኘው ከዜሮ ብዙ የራቀ አይሆንም ነበር። ኮሚቴው በቆጠራው አልተሳሳተም፤ የቆጠረው ግን የካንቶሮቪችን ሥራ ሳይሆን ሳንሱሩን፣ ጦርነቱን፣ የቋንቋውን አጥር ነው። ከ1960 በኋላ ያው ሥራ፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ፣ የዓለም ሥራ ሆነ። የተለወጠው አንባቢው ነው።

ከዚህ ተነስቼ መቁጠር ይቅር አልልም። በሩቅ ቋንቋ የሚጽፍ፣ በተዘጋ አገር የሚሠራ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ሲል ካየን ግን ሥራውን ሳናነብ አንፍረድ ነው የምለው። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ የኩፕማንስ ነገር ይበልጥ ይነካናል። ከኛ ቀድሞ የዘገበ፣ ከኛ ቀድሞ የጠየቀ ሰው ማግኘታችን አይቀርም። ስሙን ብንዘለው ማንም ላያውቅብን ይችላል። ያቺ ቀን ስትመጣ የምናደርገውን ከአሁኑ እንወስን።

ቸር ይግጠመን።